መድኃኒቱ አንድ፣ ሂሳቡ ብዙ፦ የካንሰር ሕክምና ዋጋ ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል?

አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አስቡ። ላይዋ ላይ የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ መጠኑ በሚሊግራም፣ የተዘጋጀችበት ሰዓትና አገልግሎቷ የሚያበቃበት ሰዓት ተለጥፏል። ከብረት ዘንግ ላይ ተሰቅላለች። ፈሳሿ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ደም ሥር ይገባል። ለብዙ ሰው ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድለው መድኃኒት) ማለት ይህች ከረጢት ናት።

ይህችው ከረጢት የሆስፒታል አልጋ አጠገብ ልትሰቀል ትችላለች፤ ታካሚው እዚያው ያድራል። ሆስፒታሉ ውስጥ ባለው የተመላላሽ ክፍል፣ ከወንበር አጠገብም ልትሰቀል ትችላለች፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ይኬዳል። ከሆስፒታል ውጭ ባለ የካንሰር ክሊኒክም እንደዚሁ። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ ታካሚው ቤት ድረስ ይሄዳል። መድኃኒቱ ያው ነው። መጠኑም ያው ነው። ሂሳቡ ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱም የቤተሰብን ኑሮ የሚያናጋ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። ሰው ካንሰር እንዳለበት በተነገረው ሳምንት ስለ መድኃኒቱ ይሰማል። ስለ ፀጉር መርገፍ ይሰማል። የት እንደሚታከም ግን ከቤት ያለው ርቀት ብቻ ታይቶ ይወሰናል። ቦታው ራሱ ዋጋ እንዳለው የሚነግረው የለም። ሲያውቀው ደረሰኙ እጁ ገብቷል።

በቅድሚያ ሂሳቡ ከምን ከምን እንደሚሠራ እንይ። አንደኛው የመድኃኒቱ የራሱ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ማዘጋጃው፣ ሦስተኛው መስጫው ነው። አራተኛው ደግሞ ተቋሙ ራሱ ነው፤ ሕንፃው፣ መብራቱ፣ ጥበቃው፣ ሌሊት የማይተኛው ድንገተኛ ክፍል። ከቦታ ቦታ በጣም የሚለያየው ይህ አራተኛው ነው። ሌሎቹም ግን ዝም ብለው አይቀመጡም።

ማዘጋጃውን እንውሰድ። ኬሞ እንደ ተራ መርፌ ጠረጴዛ ላይ አይበጠበጥም። የሚነካውንም ሰው የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ፋርማሲስቱ ጋዎን ለብሶ፣ ጓንት በጓንት ላይ ደርቦ፣ አየሩን እየሳበ በሚያጣራ ካቢኔ ውስጥ እጁን አስገብቶ ነው የሚሠራው። ሌላ ባለሙያ መጠኑን እንደገና ያሰላል። ምክንያቱም አብዛኛው ኬሞ ለሁሉም ሰው እኩል አይሰጥም፤ ከታካሚው ቁመትና ክብደት ተሰልቶ ነው የሚወጣው። ካቢኔው፣ ማጣሪያው፣ የሰለጠነው ሰው፣ ሁሉም በቀን አምስት ከረጢት ቢዘጋጅም ሃምሳ ቢዘጋጅም ያስፈልጋሉ። ሃምሳ የሚያዘጋጅ ቦታ ወጪውን ለሃምሳ ያካፍላል። አምስት የሚያዘጋጅ ለአምስት።

የብልቃጡም ነገር አለ። ለአንድ ታካሚ 130 ሚሊግራም ታዘዘለት እንበል። ብልቃጡ የሚይዘው ደግሞ 100 ሚሊግራም ነው። ሁለት ይከፈታል። 70 ሚሊግራም ይተርፋል። ብዙ ታካሚ ያለው ተቋም ያንን መድኃኒት የሚወስዱትን ሰዎች አንድ ቀን ላይ ሊቀጥራቸው ይችላል። የመድኃኒቱ ባሕርይና ደንቡ ከፈቀዱ የአንዱ ትርፍ ለሌላው ይውላል። ታካሚ ባነሰበት ቦታ ግን ትርፉ ይጣላል። የተጣለውም ተከፍሎበታል። በአሜሪካ ይህ ብክነት መንግሥትን ስላሳሰበ በ2021 ሕግ ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከ2023 ጀምሮ አምራቾች ከተወሰነ መጠን በላይ ለሚጣለው መድኃኒት ገንዘብ እንዲመልሱ ተደርጓል። የሚመልሱት ለሜዲኬር ነው። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ አሜሪካውያን የቆመ የመንግሥት የጤና መድን ነው። የሜዲኬር ደንቦች በግልጽ ስለሚታወቁ በኋላም ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አልጋው እንሂድ። ተኝቶ መታከም አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ውድ የሆነው መንገድ ነው። ሰው የሚያስበው አልጋው ፍራሽና አንሶላ ስለሆነ ይገርመዋል። የሚከፈለው ግን ለፍራሹ አይደለም። ሌሊት በየፈረቃው ለሚቆሙት ነርሶች፣ በማንኛውም ሰዓት ለሚጠራው ሐኪም፣ ለማይዘጋው ላቦራቶሪ ነው። ታካሚው ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ነገር ባይፈልግ እንኳ፣ የሚፈልግበት ደቂቃ ብትመጣ ብለው ነቅተው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ዋጋው ያ ነው።

ድሮ አብዛኛው ከባድ ኬሞ አልጋ ይፈልግ ነበር። ለምሳሌ ሲስፕላቲንን እንይ። በአሜሪካ በ1978 የተፈቀደ፣ በተለይ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰርን ታሪክ የቀየረ መድኃኒት ነው። ግን የሚያስመልሰው ነገር አይጣል ነበር። ታካሚው በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ፣ አንጀቱ እስኪወጣ ያስመልሰዋል። ኩላሊቱን እንዳይጎዳም ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ያስፈልጋል። በዚህ ሁኔታ ሰውን ወደ ቤት መስደድ አይታሰብም ነበር። በ1991 ሁለት ነገር ሆነ። ኦንዳንሴትሮን የሚባለው የማስታወክ መከላከያ በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ነጭ የደም ሴል ቶሎ እንዲያገግም የሚያደርገው ፊልግራስቲም ተፈቀደ። ሁለቱም ካንሰርን አይገድሉም። ግን ታካሚውን ከአልጋ አስነስተው ወንበር ላይ ካስቀመጡት ነገሮች ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። ዛሬ ርካሽ የሆነ አንድ የማስታወክ መከላከያ ክኒን ስንት የአልጋ ሌሊት እንዳስቀረ ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ዛሬም ግን አልጋ የግድ የሚሆንባቸው ሕክምናዎች አሉ። አጣዳፊው የማይሎይድ የደም ካንሰር አንዱ ነው። የመጀመሪያው ዙር በተለመደው አሰጣጥ ሰባት ቀን ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የደም ሴሎቹ እስኪመለሱ ሳምንታት ይጠበቃል። ባጠቃላይ ወደ አንድ ወር መተኛት የተለመደ ነው። በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት የሚባል ኬሞም አለ። መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ በየቀኑ ደም እየተቀዳ ይለካል። ጉዳቱን የሚከላከለው ሉኮቮሪን በሰዓቱ መሰጠት አለበት፤ ቢዘገይ አደጋ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ "ወጪ ለመቀነስ ቤቴ ልሂድ" ማለት አያዋጣም። ቁጠባው ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል።

ታካሚን ሳይታሰብ ወደ አልጋ የሚመልሰው ትልቁ ነገር ደግሞ ትኩሳት ነው። ከኬሞ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሙቀቱ 38 ዲግሪ የደረሰ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት የለበትም። የሚከላከልለት ወታደር በሌለበት ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፣ ፀረ ባክቴሪያ በደም ሥር ይጀመርለታል፣ ይተኛል። በወንበር የተጀመረው ርካሽ ሕክምና በአንድ ሌሊት የአልጋ ሕክምና ይሆናል። ግን እዚህም ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ከ2000 ጀምሮ ማስክ የሚባል የነጥብ መለኪያ አለ። የታካሚው ዕድሜ፣ የደም ግፊቱ፣ የሕመሙ ክብደትና ሌሎች ነገሮች ተደምረው ከ26 ነጥብ ይያዛሉ። 21ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አደጋው ዝቅተኛ ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ታካሚ ተመርምሮ፣ ለተወሰነ ሰዓት ታይቶ፣ በሚዋጥ መድኃኒት ቤቱ ሊታከም ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪም እንጂ ታካሚው አይደለም። መኖሩን ማወቅ ግን ይጠቅማል።

የሚከፈልበት መንገድም ቦታውን ይወስናል። ይህ ነገር ለታካሚ ብዙም አይታየውም። በአሜሪካ ሜዲኬር ከ1983 ጀምሮ ለተኛ ታካሚ ለሆስፒታሉ የሚከፍለው እንደ በሽታው ዓይነት አስቀድሞ የተተመነ አንድ ጥቅል ገንዘብ ነው። አልጋ ላይ ውድ መድኃኒት ቢሰጥ ዋጋው ከዚያው ጥቅል ውስጥ ይወጣል። ያንኑ መድኃኒት ታካሚው ወጥቶ በሳምንቱ በተመላላሽ ቢወስደው ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ስለዚህ የሚቸኩል ካልሆነ "ሲወጡ ይጀምሩታል" ይባላል። ብዙ ጊዜ ምንም ጉዳት የለውም። እንዲህ ስትባሉ ምክንያቱ ሕክምናው ነው ወይስ ክፍያው ብሎ መጠየቅ ግን መብት ነው።

ወደ ወንበሩ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሁለት ወንበር አለ እንበል። አንዱ የሆስፒታል የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላው መንገዱን ተሻግሮ፣ ሐኪሞች በራሳቸው በከፈቱት ክሊኒክ ውስጥ። ነርሷ እኩል የሰለጠነች፣ መድኃኒቱ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ይሁን። በአሜሪካ የሆስፒታሉ ወንበር ብዙ ጊዜ ውድ ነው። ምክንያቱ ሆስፒታሉ ከሐኪሙ ክፍያ ሌላ "የተቋም ክፍያ" የሚባል ሁለተኛ ሂሳብ ስለሚያስከፍል ነው። ታካሚው አንድ ቀን ታክሞ ሁለት ደረሰኝ ይደርሰዋል። የሚገርመው፣ ክሊኒኩን ሆስፒታል ሲገዛው ያው ሕንፃ፣ ያው ሐኪም፣ ያው ወንበር እያለ ዋጋው ሊጨምር መቻሉ ነው። የተቀየረው ደጁ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የሜዲኬር አባል ተጨማሪ መድን ከሌለው ከተመላላሽ ሕክምናው በተለምዶ 20 በመቶውን ራሱ ይከፍላል። ሂሳቡ ሲያድግ 20 በመቶውም አብሮ ያድጋል።

ይህን ለማስተካከል ተሞክሯል። በኅዳር 2015 የወጣ ሕግ ከዋናው ግቢ ርቀው ከዚያ በኋላ የሚከፈቱ የሆስፒታል ክፍሎች እንደ ሆስፒታል እንዳያስከፍሉ ገደበ። ከ2018 ጀምሮ ሜዲኬር ለእነዚህ ክፍሎች አገልግሎት የሚከፍለው ለሆስፒታል ከሚከፍለው ወደ 40 በመቶ ገደማ ነው። ቀድሞ የነበሩት ግን በአብዛኛው በድሮው ዋጋ ቀጠሉ። ክርክሩም አልቆመም።

የመድኃኒቱ አከፋፈል ሌላ ጣጣ አለው። ሜዲኬር በክሊኒክ ወይም በተመላላሽ ለሚሰጥ መድኃኒት የሚከፍለው የመድኃኒቱን አማካይ የመሸጫ ዋጋና በላዩ 6 በመቶ ነው። 6 በመቶው ለማከማቻ፣ ለማስተዳደሪያ ተብሎ ነው። እስቲ አስሉት። የ100 ዶላር መድኃኒት 6 ዶላር ያስገኛል። የ10,000 ዶላር መድኃኒት 600 ዶላር። ማቀዝቀዣው ግን ያው አንድ ማቀዝቀዣ ነው። ሐኪሞች ሆን ብለው ውዱን ይመርጣሉ እያልኩ አይደለም። አከፋፈሉ ግን ሚዛኑን ወደ ውዱ ያዘነብላል። ይህ የሰው ሳይሆን የደንብ ጥፋት ነው።

በ1992 የተጀመረ 340ቢ የሚባል ፕሮግራምም አለ። ብዙ ድሃ ታካሚ የሚያክሙ ሆስፒታሎች መድኃኒት በትልቅ ቅናሽ እንዲገዙ ያደርጋል። ሲያስከፍሉ ግን በቅናሹ ልክ የማስከፈል ግዴታ የለባቸውም። ልዩነቱን ሆስፒታሉ ይይዘዋል። ደጋፊዎቹ "ለድሃው ነፃ ሕክምና የሚውለው ያ ገንዘብ ነው" ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ "የት እንደገባ አይታይም" ይላሉ።

ሆስፒታሎቹን ግን በደፈናው መውቀስ አልፈልግም። ክሊኒኩ ማታ ይዘጋል። ታካሚው ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው የሚሄደው የት ነው? ወደ ሆስፒታሉ። መክፈል የማይችለው፣ ካንሰሩ ላይ ልብና ኩላሊት የተደራረበበት፣ ሌላው የገፋው ሰው የት ይሄዳል? ወደ ሆስፒታሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከም ቤት ዋጋው ከክሊኒኩ ጋር እኩል ይሁን ማለት ትክክል አይመስለኝም። የድንገተኛ ክፍሉን ወጪ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት የኬሞ ደረሰኝ ውስጥ ሳይነግሩ መጨመርም ትክክል አይመስለኝም። ለሁለቱም የሚከፍል ሰው ቢያንስ አስቀድሞ ይነገረው።

የቤት ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው ይፈራል። አንድ የተለመደ ምሳሌ ላሳያችሁ። ለትልቁ አንጀት ካንሰር ከሚሰጡ የኬሞ ዓይነቶች አንዱ ፎልፎክስ ይባላል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቀስ እያለ ለ46 ሰዓት መግባት አለበት። ወደ ሁለት ቀን ማለት ነው። ለዚህ ሰው ለምን ይተኛል? ስለዚህ የሕፃን ጡጦ የምታክል ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጠዋል። ውስጧ በመድኃኒት የተነፋ ፊኛ አለ። ባትሪ የላትም፣ ድምፅ የላትም። ፊኛው ራሱ እየተኮማተረ ፈሳሹን ይገፋዋል። ቱቦዋ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ከተቀበረች ፖርት ከምትባል መግቢያ ጋር ትያያዛለች። ታካሚው ወገቡ ላይ በቦርሳ አንግቷት ወደ ቤት ይሄዳል። ይበላል፣ ይተኛል፣ ልጆቹን ያጫውታል። በሦስተኛው ቀን ፊኛው ሙሽሽ ብሎ ሲያልቅ ነርስ ትነቅልለታለች። ሁለት የአልጋ ሌሊት ተረፈ።

ሌላው ትራስቱዙማብ ነው። ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች የሚሰጥ። በደም ሥር ሲሆን የመጀመሪያው 90 ደቂቃ፣ ተከታዮቹ 30 ደቂቃ ይወስዳሉ። ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚሰጠው ዓይነት ግን ጭን ላይ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ወንበሩ ለሌላ ታካሚ ይለቀቃል። በአንዳንድ አገሮች ነርስ ቤት ድረስ ሄዳ ትወጋለች። ነገር ግን "አጭር ጊዜ" ሁልጊዜ "ርካሽ" ማለት አይደለም። በደም ሥር የሚሰጠው ተመሳሳይ ግን በሌላ አምራች የተሠራ፣ ባዮሲሚላር የሚባል ርካሽ ምትክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያውን የትራስቱዙማብ ባዮሲሚላር አረጋግጦ ዝርዝሩ ላይ አስገብቷል። በወንበር ጊዜ ያተረፋችሁት በመድኃኒቱ ዋጋ ሊወሰድ ይችላል። ሁለቱን ደምሮ ማየት ነው።

ቤት መታከም በራሱም ሁልጊዜ አይረክስም። ክፍል ውስጥ አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚ በአንድ ጊዜ ታያለች። ወደ ቤት ስትሄድ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታየው፤ ከቀኗም ብዙው በመንገድ ያልቃል። አለርጂ ሊያስነሳ የሚችል መድኃኒት ደግሞ፣ ቢያንስ የመጀመሪያው፣ ቤት ባይሰጥ ይመረጣል። ሂሳብ ውስጥ የማይገባው ሰው ደግሞ አስታማሚው ነው። ሆስፒታል ሲሆን ነርስ የምትሠራውን ቤት ውስጥ ሚስት ወይም ወንድም ይሠራዋል። ሙቀት ይለካል፣ ቱቦ ያያል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ከሥራ ይቀራል። ለመድኑ "ቁጠባ" ተብሎ የተመዘገበው ወጪ ትከሻ ቀይሮ ነው እንጂ አልጠፋም።

ክኒንስ? ክኒን ሕንፃውን ከነአካቴው ያስቀረዋል። ኢማቲኒብ በ2001 ሲፈቀድ ሥር የሰደደው የማይሎይድ የደም ካንሰር ታካሚ በቀን ክኒን እየዋጠ ለዓመታት መኖር ቻለ። ወንበር የለም፣ መርፌ የለም። ግን ክኒን ሲሆን ሂሳቡ ከሕክምና መድን ወደ ፋርማሲ መድን ይዛወራል። የዚያኛው ደንብ ሌላ ነው። በሜዲኬር የፋርማሲ መድን የታካሚው የራሱ ክፍያ እስከ 2023 ድረስ ዓመታዊ ጣሪያ አልነበረውም። በ2022 የወጣ ሕግ ነው ጣሪያ ያበጀለት፤ ጣሪያው በ2025 2,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በፊት ክኒኑን ፋርማሲ መስኮት ላይ ትተው የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። በደም ሥር ቢሆን መድኑ የሚሸፍነው፣ በአፍ ስለሆነ ከኪስ ይጠየቁ ነበር።

የጨረር ሕክምና ቤት አይሄድም። ማሽኑ በወፍራም ግድግዳ በታጠረ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ግዙፍ ነገር ነው። እዚህ ወጪውን የሚወስነው የቀጠሮው ብዛት ነው። ለጡት ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለረጅም ጊዜ የተለመደው 25 ቀን ነበር፤ አምስት ሳምንት። ቆይቶ 15 ቀን በቂ እንደሆነ ታየ። በ2020 ውጤቱ የወጣው ፋስት ፎርዋርድ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ለብዙዎች 5 ቀን፣ በአንድ ሳምንት፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ በመከላከል ከ15ቱ እንደማያንስ አሳየ። ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቶ ለሚያሰቃየው ሰው፣ ውስብስብ ነገር ከሌለው፣ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ሕመሙን ከብዙ ቀኑ እኩል ያስታግሳል። አንዳንዶች በኋላ መድገም ያስፈልጋቸው ይሆናል። ሩቅ ለሚኖር ሕመምተኛ ግን አንድ ጉዞና አሥር ጉዞ ሰማይና ምድር ናቸው። ተቋሙ በየቀጠሮው የሚከፈለው ከሆነ ቀጠሮ የመቀነስ ጉጉት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ "ባጠረ ጊዜ የሚሰጥ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ ጉዞ ካነሳን አይቀር፣ ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ወጪ እዚያ ነው ያለው። ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ የቀረ የሥራ ቀን፣ አብሮ የሚሄድ ሰው። ባለሙያዎች ለዚህ ሁሉ "የገንዘብ መመረዝ" የሚል ስም አውጥተውለታል። መድኃኒቱ ሰውነትን እንደሚጎዳው ሁሉ ሂሳቡም ሰውን ይጎዳል ለማለት ነው። ይህን የሚያቃልሉ ቀላል ለውጦች አሉ። ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ 200 ሚሊግራም ይሰጥ ነበር። በ2020 በአሜሪካ በየስድስት ሳምንቱ 400 ሚሊግራም እንዲሰጥ ተፈቀደ። የመድኃኒቱ ድምር አልተለወጠም። በዓመት 17 ጊዜ ይመላለስ የነበረው ሰው ግን 9 ጊዜ ገደማ ብቻ ይመላለሳል። ለሆስፒታሉ ትንሽ ነገር ነው። ለታካሚው ስምንት ቀን ነው።

አንድ ቦታ ቀርቶኛል። መጻፉ ያስቸግራል፤ መዝለሉ ግን አይገባም። ካንሰሩ የማይድንበት ደረጃ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያልቁ ይሆናል። ከሁሉም ውዱ አልጋ ያ ነው። ብዙ ሕመምተኞች ደግሞ ቢጠየቁ ቤታቸውን ይመርጡ ነበር። ማንም በጊዜ ስላልጠየቃቸው ነው። በ2010 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ወጣ። 151 የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ከመደበኛው ሕክምና ጎን ስቃይ የሚያስታግስና ሰውየውን የሚያዳምጥ ፓሊዬቲቭ ሕክምና ከመጀመሪያው ጀምሮ አገኙ። የኑሮ ሁኔታቸው ተሻለ። መጨረሻ ላይ ከባድና አድካሚ ሕክምና የወሰዱት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ ግን 11.6 ወር ሆነ፤ የሌሎቹ 8.9 ወር። ስለዚህ ፓሊዬቲቭ ሲባል "ተስፋ ቆረጡብን" ብላችሁ አትደንግጡ። ከኬሞው ጋር አብሮ ሊሰጥ ይችላል።

ታዲያ ነገ ቀጠሮ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲነግረው ቦታውን ይጠይቅ። ይህ ሕክምና አልጋ የግድ ይላል ወይ? በወንበር ይሆናል ወይ? በክኒን ወይም ከቆዳ ሥር በሚሰጥ መርፌ የሚተካ አለ ወይ? ባዮሲሚላር አለው ወይ? ቀጥሎ ወደ ሂሳብ ክፍል ይሂድና የአንድ ዙር ግምት በጽሑፍ ይጠይቅ። በቃል አይበቃም። ግምቱ ውስጥ የመድኃኒቱ፣ የማዘጋጃው፣ የመስጫውና የተቋሙ ክፍያ ለየብቻ ይታይ። መድን ካለው ያንኑ ወረቀት ለመድኑ ያሳይ። ደረሰኙ ሲመጣም ከከረጢቷ ጋር ያስተያየው። ከረጢቷ ላይ የተለጠፈውን ሚሊግራም በስልክ ፎቶ ማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የተሰካበትንና የተነቀለበትን ሰዓትም መጻፍ ጥሩ ነው፤ መስጫው በሰዓት የሚታሰብበት ቦታ ብዙ ነው።

ርካሹ ቦታ ከተገኘ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀራል። እኔ ብሆን ይህን ሳልጠይቅ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም። በአሥረኛው ቀን፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቴ 38 ቢደርስ የምደውለው ለማን ነው? መልሱ የስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ተቀብላችሁ፣ እዚያው ቆማችሁ ደውሉና የሚያነሳ ሰው መኖሩን አረጋግጡ።